እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ ከአመዱ ባሻገር ድኙን መጠየቅ

እሳተ ገሞራ ፈነዳ ሲባል ሁሉም የሚያየው አመዱን ነው። አመዱ በአካባቢው ያለውን ሰውና ከብት ይጎዳል፣ አውሮፕላን ያስቀራል፣ ግን ቢበዛ በሳምንታት ውስጥ ወርዶ ያልቃል። የዓለምን ወቅት የሚያዛባው አብሮት የሚወጣው የድኝ ጋዝ፣ ማለትም ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ነው። ስለዚህ የሚያስፈልገው ዝግጅት ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ለዛሬ፣ ሌላው ለሚቀጥሉት አንድ ሁለት ክረምቶች።

አመድ እየወረደ ከሆነ

የእሳተ ገሞራ አመድ ከምድጃ እንደሚወጣው አመድ አይደለም። የደቀቀ ድንጋይና መስታወት ስለሆነ በውሃ አይሟሟም፣ ዓይን ይቧጭራል፣ ሳንባ ያስቆጣል። ቤት ገብተው በርና መስኮት ይዝጉ፤ መውጣት ግድ ከሆነ ፊት ላይ በደንብ የሚገጥም ኤን95 ማስክ ያድርጉ። ነጠላ ጨርቅ ደቃቁን ብናኝ አያስቆምም፤ ሌላ ከሌለ ግን ከምንም ይሻላል። ዓይን ውስጥ ከገባ አይሹት፣ በብዙ ንጹህ ውሃ ያጥቡት።

ጣሪያውን ቶሎ ይጥረጉ። አንድ ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው አመድ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ደረቁን ከ5 እስከ 13 ኪሎ ይመዝናል፤ ዝናብ ሲመታው 20 ኪሎ ሊደርስ ይችላል። 50 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ 5 ሳንቲሜትር እርጥብ አመድ ተኛ ማለት እስከ 50 ኩንታል ተጫነ ማለት ነው። ስለዚህ ዝናብ ሳይቀድምዎ፣ ብናኙ እንዳይነሳ ውሃ ርጨት ብቻ አድርገው ይጥረጉ። በብዙ ውሃ ማጠብ ትልቅ ስህተት ነው፤ ክብደቱ ይጨምራል፣ አሸንዳው ውስጥ የገባውም እንደ ሲሚንቶ ይደርቃል።

የጣሪያ ውሃ የሚያጠራቅሙ ከሆነ ቱቦውን ከጋኑ አስቀድመው ይንቀሉ፤ በርሜልና ጉድጓድ ይክደኑ። የደፈረሰ ውሃ ላይ ውሃ አጋር (የውሃ ማከሚያ ክሎሪን) ቢጨምሩ በደንብ አይሠራም። መጀመሪያ አመዱ እስኪዘቅጥ ያቆዩት፣ ያጥልሉት፣ ከዚያ ያክሙት። ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ አመዱ ሊያመጣ የሚችለውን ፍሎራይድ (ሲበዛ ጥርስና አጥንት የሚጎዳ ንጥረ ነገር) አያወጣም፤ የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ በብዙ ቦታ ከወትሮውም ፍሎራይድ ስለሚበዛበት ይህ በተለይ ለአፋር ቀላል ጉዳይ አይደለም።

ከሁሉም በላይ መጣደፍ ያለበት ለከብቱ ነው። ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በአፋር ያለው ሃይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ በአፍዴራ በኩል ያሉ መንደሮች በአመድ ተሸፈኑ፣ የእንስሳቱም ግጦሽ አብሮ ተሸፈነ። የተራበ ከብት አመድ የለበሰውን ሣር ከነአመዱ ይግጣል። ጥርሱ ያልቃል፣ ሆዱ ይደፈናል፤ አመዱ ፍሎራይድ የተሸከመ ከሆነ ደግሞ ይመረዛል። በአይስላንድ እንደታየው አንድ ሚሊሜትር እንኳ የማይሞላ አመድ በግ ሊገድል ይችላል። ስለዚህ የውፍረቱን ማነስ አይመኑ። መንጋውን አመድ ወዳልነካው ግጦሽ ያርቁ፤ ካልተቻለ ተሸፍኖ የቆየ ድርቆሽ ይስጡ። ሣር ነቅለው ሥሩን ይመልከቱ፤ ዝናብ ካጠበው በኋላም ግንዱ ሥር ግራጫ ዱቄት ከቀረ ገና ነው።

የሩቁን መዘዝ ለመገመት

መጠየቅ ያለበት የድኙ መጠን፣ የወጣበት ከፍታ፣ የፈነዳበት ቦታ ነው።

የፊሊፒንሱ ፒናቱቦ በጁን 1991 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ) ከ15 እስከ 20 ሚሊዮን ቶን የሚጠጋ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ወደ ስትራቶስፌር፣ ማለትም ዝናብና ደመና ካለበት አየር በላይ ወዳለው ንብርብር፣ ላከ። ጋዙ በሳምንታት ውስጥ ወደ ደቃቅ የድኝ አሲድ ጠብታነት ይለወጣል፤ ጠብታዎቹ የፀሐይን ብርሃን ወደ ህዋ ይመልሳሉ። በ1992 የዓለም አማካይ ሙቀት ግማሽ ዲግሪ ያህል ወረደ። የቶንጋው ሁንጋ በ2022 እስከ 57 ኪሎ ሜትር ቢወረወርም፣ የላከው ድኝ ግማሽ ሚሊዮን ቶን ገደማ ስለነበር እንዲህ ያለ ቅዝቃዜ አላመጣም። ጭሱ ምን ያህል እንደሚያስፈራ አይቶ መፍረድ የሚያሳስተው ለዚህ ነው።

ከፍታውን ከስትራቶስፌር ወለል ጋር ያነጻጽሩ፤ ወለሉ በምድር ወገብ አካባቢ 16 ወይም 17 ኪሎ ሜትር፣ ወደ ዋልታዎቹ 8 ወይም 9 ነው። ከዚያ በታች የቀረውን ድኝ ዝናብ በአንድ ሁለት ሳምንት ያጥበዋል፤ ያለፈው ግን ከአንድ ዓመት በላይ ይቆያል። የሃይሊ ጉቢ አመድ የመንና ኦማንን አልፎ እስከ ሕንድ ደርሶ በረራ አሰርዟል፤ ከፍታው ግን 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር።

ለእኛ ትልቁ ጥያቄ ቦታው ነው። የክረምት ዝናባችንን የሚያመጣው፣ በምድር ወገብ ዙሪያ ያለው የዝናብ ደመና ቀበቶ ወደሞቀው ንፍቀ ክበብ ይሳባል። ድኙ ሰሜኑን ለብቻው ሲያቀዘቅዘው ቀበቶው እንደወትሮው ወደ ሰሜን አይወጣም፤ የደጋው ክረምት ይሳሳል፣ ዓባይም ይጎድላል። ላኪ የተባለው የአይስላንድ እሳተ ገሞራ ከጁን 1783 ጀምሮ ለስምንት ወር ሲፈስ 120 ሚሊዮን ቶን ገደማ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ለቀቀ። በአይስላንድ ከሕዝቡ አንድ አምስተኛ ያህሉ አለቀ፤ የዓባይ ሙላት በ1783 እና በ1784 ቀንሶ ግብፅ ተራበች። በ1912 በአላስካ ካትማይ አካባቢ ከተፈጠረው ፍንዳታ በኋላም የ1913 ሙላት ከክፍለ ዘመኑ ዝቅተኞች አንዱ ሆነ።

ጉዳቱ የሚመጣው ዘግይቶ ነው። ታምቦራ በኢንዶኔዥያ የፈነዳው በኤፕሪል 1815፣ በአውሮፓና በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ አዝመራ የጠፋው በ1816 ነው። ያ ክፍተት የመዘጋጃ ጊዜ ነው። ሰሜን ላይ ከ10 ሚሊዮን ቶን በላይ ድኝ ስትራቶስፌር ደረሰ የሚል የሳተላይት መረጃ ከወጣ፣ የሚቀጥለውን ክረምት ትንበያ በቅርብ ይከታተሉ፤ የዘር እህል ለይተው ያስቀምጡ፣ ቶሎ የሚደርስ የጤፍና የገብስ ዘር ይያዙ፣ የሚሸጥ ከብት ካለም ዋጋው ሳይወርድ ይሽጡ። ድርቁ ከታየ በኋላ ሁሉም ገበያ ስለሚወጣ ከብቱ ይረክሳል፣ እህሉ ይወደዳል።