ለቨርቹዋል ማሽን ሃርድ ዲስክ እንዴት ይዘጋጃል?

ቨርቹዋል ማሽን (በኮምፒውተር ውስጥ በሶፍትዌር የሚሠራ ሌላ ኮምፒውተር) ውስጥ ሃርድ ዲስክ ሆኖ የሚታየው ነገር፣ ዋናው ኮምፒውተር ላይ የተቀመጠ ትልቅ ፋይል ነው። ይህ ከገባችሁ የቀረው አይከብድም። እዚህ የምናየው ቨርቹዋል ማሽን የሚያሠራውን የዊንዶውስ ፕሮግራም፣ ሃይፐር-ቪን ነው።

ሃይፐር-ቪ ማኔጀርን ክፈቱ። ማሽኑን በቀኝ ክሊክ ነክታችሁ «ሴቲንግስ» ውስጥ ግቡ። «ስካዚ ኮንትሮለር»ን (ዲስክ ከማሽኑ ጋር የሚገናኝበትን መስመር) ምረጡ፣ «ሃርድ ድራይቭ» ላይ «አድ» በሉ፣ ቀጥሎ «ኒው»ን ተጫኑ። በስካዚ በኩል ከሆነ ማሽኑ እየሠራም ዲስክ መጨመር ይቻላል።

የፋይል ዓይነት ከጠየቃችሁ ቪኤችዲኤክስን ምረጡ። የድሮው ቪኤችዲ ከ2 ቴራባይት አያልፍም፤ ቪኤችዲኤክስ እስከ 64 ቴራባይት ይደርሳል፣ መብራት ድንገት ቢጠፋም በተሻለ ይቋቋማል።

አሁን የሚመጣው ምርጫ ላይ ረጋ በሉ። ለምሳሌ ለ100 ጊጋባይት ዲስክ «ፊክስድ» ካላችሁ፣ 100 ጊጋባይቱ ዛሬውኑ ከዋናው ዲስክ ላይ ይያዛል። «ዳይናሚክ» ካላችሁ ፋይሉ በትንሹ ይጀምርና ዳታ ሲገባበት ያድጋል። ለመማሪያና ለሙከራ ዳይናሚክ ይበቃል። አደጋው ግን አለ፤ እያንዳንዳቸው 100 ጊጋባይት የተባሉ አምስት ማሽኖች 256 ጊጋባይት ዲስክ ላይ ያለ ችግር ይፈጠራሉ። ችግሩ የሚመጣው ሲሞሉ ነው። ዋናው ዲስክ ቦታ ሲጨርስ ማሽኖቹ ሥራ መሃል ላይ ቀጥ ይላሉ። ስለዚህ ዳታቤዝ ለሚሠራበት ማሽን እኔ ሁልጊዜ ፊክስድ ነው የምመክረው። በነገራችን ላይ፣ ዳይናሚክ ዲስክ ውስጥ ፋይል ስላጠፋችሁ ብቻ የዲስኩ ፋይል መልሶ አያንስም። ለዚያ «ኤዲት ዲስክ» ውስጥ «ኮምፓክት» የሚባል ምርጫ አለ።

ስም፣ ቦታና መጠን ሰጥታችሁ ጨርሱ። «አፕላይ» ማለት እንዳይረሳ።

ሥራው ግን ገና ግማሽ ነው። ማሽኑ ውስጥ ግቡና «ዲስክ ማኔጅመንት»ን ክፈቱ። አዲሱ ዲስክ «ኦፍላይን» ካለ «ኦንላይን» አድርጉት፣ «ኢኒሺያላይዝ» ብላችሁ ጂፒቲን (የዲስኩ ክፍፍል የሚመዘገብበትን ዘዴ) ምረጡ፣ በባዶው ቦታ ላይ «ኒው ሲምፕል ቮሊዩም» ፍጠሩ። ይሄኔ ነው ዲስኩ ፊደል አግኝቶ የሚታየው።

ያለውን ዲስክ ማሳደግ ከፈለጋችሁ «ኤዲት» ውስጥ «ኤክስፓንድ» አለ። ከዚያ ማሽኑ ውስጥ ፓርቲሽኑንም (የዲስኩን ክፍልፋይ) «ኤክስቴንድ ቮሊዩም» ብላችሁ ማስፋት አለባችሁ፤ አለበለዚያ ሲ ድራይቭ እንደ ቀድሞው ይቀራል። ብዙ ሰው የሚቸገረው እዚህ ጋ ነው፤ ምርጫው ደብዝዞ አልነካ ይላል። አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ በሲ ድራይቭና በአዲሱ ባዶ ቦታ መካከል የተቀመጠው፣ ዊንዶውስ ሲበላሽ ለመጠገኛ የሚያገለግለው የሪከቨሪ ፓርቲሽን ነው። «ኤክስቴንድ ቮሊዩም» የሚሠራው ባዶው ቦታ ወዲያው ከጎን ሲሆን ብቻ ነው።

አንድ ነገር አደራ። ማሽኑ ቼክፖይንት (ማሽኑን ወደ ኋላ ለመመለስ የተቀመጠ የቀድሞ ሁኔታ) ካለው የዲስኩን ፋይል አትንኩ። ከቼክፖይንቱ ወዲህ የተለወጠው ሁሉ የሚጻፈው ሌላ ፋይል ላይ ነው፤ ያ ፋይል ደግሞ በዋናው ላይ የተንጠለጠለ ነው። ዋናው ከተነካ ሰንሰለቱ ይበጠሳል፣ ማሽኑም አልነሳ ሊል ይችላል። መጀመሪያ ቼክፖይንቶቹን ከሃይፐር-ቪ ማኔጀር ውስጥ አጥፉ፣ ፋይሎቹ ተዋህደው እስኪያልቁ ጠብቁ፣ የዲስኩን ቅጂ ሌላ ቦታ አስቀምጡ፣ ከዚያ መጠኑን ቀይሩ።