ባያትሎንን እንደ ማራቶን ማየት፦ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

መኖሪያዬ መካከለኛው ስዊድን፣ ኦስተርሱንድ ነው። የባያትሎን የዓለም ዋንጫ ብዙ ጊዜ በኅዳር ወር የሚጀመረው እዚሁ ስለሆነ በዚያ ሰሞን ቤቴ በእንግዳ ይሞላል። ቀን በተኩስ ሜዳው በበጎ ፈቃደኝነት አገለግላለሁ፤ ማታ የወገኖቼን ክርክር እሰማለሁ። ክርክሩ በየዓመቱ ያው ነው። የሯጮች ሀገር ልጆች ነንና ዓይናችን እግር ላይ ይተከላል። ባያትሎን ግን ስኪና ጠመንጃ ነው። አቀበት ወጥቶ ደረቱ የሚንጠው ሰው ትንፋሹን ሰብስቦ አምስት ጥይት መተኮስ አለበት። ይህን ያልያዘ ተመልካች እስከ መጋቢት የሚዘልቀውን ውድድር በሙሉ አጣምሞ ያየዋል።

መጀመሪያ የገባውን አሸናፊ ማድረግ። ስፕሪንት በሚባለው አጭር ውድድር ተወዳዳሪዎች የሚነሡት አንድ በአንድ በ30 ሰከንድ ልዩነት ስለሆነ የሚፎካከሩት ከሰዓት ጋር ነው። እኔም በመጀመሪያው ዓመቴ ታላላቆቹ ገብተው ሲያበቁ ለእንግዶቼ «አልቋል» ብዬ ቡና ልጋብዝ ወሰድኳቸው። ተመልሰን ሳንቆም፣ ዘግይቶ የተነሣ አንድ ወጣት ሁለቱንም ተኩስ ሳይስት ጨርሶ ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ገባ። ሕዝቡ ሲጮህ እኛ ስኒ ይዘን ነበርን። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። በማሳደድ ውድድር ግን የሚነሡት በስፕሪንቱ የሰዓት ልዩነት ስለሆነ እዚያ ቀድሞ የገባ በእርግጥም አሸናፊ ነው።

ቅጣቱን ሁሉ አንድ ማድረግ። በአብዛኛው ውድድር ለእያንዳንዱ የሳተ ጥይት 150 ሜትር የቅጣት ዙር ይሄዳሉ፤ ጎበዞቹ ከ20 እስከ 25 ሰከንድ ገደማ ይፈጅባቸዋል። በረጅሙ የግል ውድድር ግን አንድ ስህተት አንድ ሙሉ ደቂቃ ያስጨምራል። ስለዚህ የግል ውድድር ቀን በስኪ መካከለኛ የሆነ፣ እጁ የረጋ ሰው ቀን ነው። በዚያ ቀን «ቀርፋፋው እንዴት አሸነፈ?» ብላችሁ አትጠይቁኝ።

አሁን ደሜን ወደሚያፈላው ልምጣ። ተወዳዳሪው ሲስት «ፈራ!» ማለት።

ይህን ቃል በየዓመቱ እሰማለሁ፤ በየዓመቱም ያመኛል። እስቲ ነገሩን በልካችን እንየው። ዒላማው 50 ሜትር ላይ ነው። ተኝተው ሲተኩሱ የሚመቱት ክብ ስፋቱ 45 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም ከቡና ስኒያችን አፍ የሚያንስ ነው። ቆመው ሲተኩሱ 115 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ የስኒው ማስቀመጫ ያህል መሆኑ ነው። ጠመንጃው ቢያንስ 3.5 ኪሎ ይመዝናል። በዚህ ላይ የልብ ምት የጠመንጃውን አፍ ያወዛውዛል፣ በዚህ ላይ ብርድ ጣትን ያደነዝዛል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ነፋስ አለ።

አንድ ጠዋት ከውድድሩ በፊት ማነጣጠሪያ በሚስተካከልበት ሰዓት ከአንዲት ወጣት ጀርባ ቆሜ ነበር። በመተኮሻው ሜዳ ላይ የተተከሉት ትንንሽ ባንዲራዎች ሞተው ተንጠልጥለዋል። አምስት ጥይት ተኮሰች፤ አምስቱም ወረቀቱ መሀል ላይ ተጠጋግተው ተቀመጡ። ጥቂት ደቂቃ አለፈ። ባንዲራው ተነሣና ወደ ግራ ተዘረጋ። እንደገና አምስት ተኮሰች። ቀዳዳዎቹ አሁንም እንደ በፊቱ የተጠጋጉ ናቸው፤ ግን አምስቱም ወደ ግራ ሄደው ከክቡ ጠርዝ ወጥተዋል። እጇ አልተንቀጠቀጠም፤ አየሩ ነው ጥይቷን የገፋው። አሠልጣኟ በመነጽር አይቶ ቁጥር ነገራት፣ እሷም ማነጣጠሪያውን ጥቂት ነጥብ ወደ ቀኝ አዞረች። በውድድር መሀል ይህንኑ ውሳኔ እያለከለከች፣ በሰከንዶች ውስጥ መወሰን አለባት፤ ልታርም፣ ወይስ ባንዲራው እስኪወርድ ልትጠብቅ? ስትጠብቅ ሰዓቱ ይሮጣል፤ ሳትጠብቅ ብትተኩስ የቅጣት ዙር ይጠብቃታል። ይህን ሁሉ በአንድ «ፈራች» መጠቅለል ግፍ ነው።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2019 የዓለም ሻምፒዮና እዚሁ ኦስተርሱንድ ነበር። ኖርዌጂያዊው ዮሃነስ ቲንግነስ ቦ በዚያ ዓመት 16 ውድድር ያሸነፈ፣ ተወዳዳሪ የታጣለት ሰው ነበር። በመጨረሻው ቀን፣ ሁሉም በአንድ ላይ በሚነሡበት ውድድር እየመራ ወደ መጨረሻው ተኩስ መጣ፤ ነፋሱ እየናጠው ከመሪነት ወደቀ። ወርቁን የወሰደው ጣሊያናዊው ዶሚኒክ ዊንዲሽ ነው። ቦ ፈሪ ነው የሚል ካለ እኔ ቤት ቡና አይጠጣም።

ፈጥኖ የተኮሰን ማድነቅም ልክ አይደለም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። በመተኮስ አምስት ሰከንድ ያተረፈ ሰው አንድ ጥይት ከሳተ ከ20 በላይ ይከፍላል።

በዱላ ቅብብል ደግሞ የመጀመሪያው ጥይት ሲስት «ወይኔ፣ አበቃላቸው!» የሚሉ አሉ። አላበቃም። በእያንዳንዱ ተኩስ ሦስት ትርፍ ጥይት አለ፤ የቅጣት ዙር የሚመጣው እሱም ሳይበቃ ሲቀር ነው። ትርፉ ጥይት ግን አንድ በአንድ በእጅ ይጎረሳል፤ ጣት በበረደበት ሰዓት ያንን ማየት ራሱን የቻለ ጭንቀት ነው።

ሮቤል ተክለማርያምን የባያትሎን ተወዳዳሪ የሚያደርጉም አሉ። ሮቤል በ2006 ቱሪን እና በ2010 ቫንኩቨር የክረምት ኦሎምፒክ ኢትዮጵያን ወክሎ የተወዳደረው ጠመንጃ በሌለበት የረጅም ርቀት ስኪ ነው።

ከመጀመሪያው ሳምንት ተነሥቶ ዓመቱን መተንበይ፣ ወይም ድልን ብቻ መቁጠር። የዓመቱ ዋንጫ የሚወሰነው ከየውድድሩ በሚደመር ነጥብ ነው፤ አሸናፊ 90 ነጥብ፣ ሁለተኛ 75፣ ሦስተኛ 65 ያገኛል፤ ነጥቡ እየቀነሰ እስከ 40ኛ ይወርዳል። 35ኛ የወጣ ሰው ለምን እስከ መጨረሻዋ ሜትር እንደሚገፋ የማይገባቸው እንግዶቼ፣ በመጋቢት 2020 ፊንላንድ ኮንቲዮላህቲ የሆነውን ቢያዩ ይገባቸው ነበር። ፈረንሳዊው ማርቲን ፉርካድ በሕይወቱ የመጨረሻ የሆነውን ውድድር አሸነፈ፤ የዓመቱን ዋንጫ ግን በ2 ነጥብ አጣ። የወሰደበት ቦ ነበር፤ ያውም በጥር የመጀመሪያ ልጁ ሲወለድ ከውድድር ርቆ ቆይቶ። በመጋቢት 2025 ደግሞ ኦስሎ ሆልመንኮለን ላይ ጀርመናዊቷ ፍራንዚስካ ፕሮይስ እና ፈረንሳዊቷ ሉ ዣንሞኖ ዋንጫውን እስከ ዓመቱ የመጨረሻ ውድድር የመጨረሻ ዙር ድረስ ተናነቁ፤ ዣንሞኖ ወደቀች፣ ዋንጫው ለፕሮይስ ሆነ።

አንድ ቡድን በሙሉ ቀርፋፋ ሆኖ ከዋለ ልጆቹን አትውቀሱ፤ ስኪው ላይ የተቀባው ሰም ከበረዶው ጋር አልተስማማም ማለት ነው። ከ2023–24 ወዲህ ፍሎሪን የተባለ ኬሚካል ያለበት ሰም ስለተከለከለ የባለሙያዎቹ ሥራ ይበልጥ ከብዷል።

ከፍታ ላይ ስላለው የጣሊያን የውድድር ስፍራ፣ ስለ አንቶልዝ ሲነሣ አንድ ወዳጄ ሁልጊዜ ይስቃል፦ «1,600 ሜትር ምን አላት? አዲስ አበባ ከ2,300 በላይ ናት!» ኩራቱን እወድለታለሁ። ነገር ግን ከቆላ የመጣ ሰው እዚያ እግሩ ቢችልም ትንፋሹ ቶሎ አይመለስም፤ ለመተኮስ ሲቆም የሚያስፈልገው ደግሞ እሱ ነው። ብልሆቹ ወደ መተኮሻው ከመድረሳቸው በፊት ሆን ብለው ፍጥነት ይቀንሳሉ። ያንን አይቶ «ደከመ» ማለትም ሌላ ስህተት ነው።

ኦስተርሱንድ ከመጣችሁ ከመጨረሻው መስመር አጠገብ አትቁሙ። ከተኩስ ሜዳው ትይዩ ቁሙ፣ መነጽር ያዙ፣ መጀመሪያ ባንዲራዎቹን እዩ። ከዚያ ጥቁሮቹን ክቦች ቁጠሩ፤ ጥይት ሲያገኛቸው አንድ በአንድ ነጭ ይሆናሉ።