ወክ ስፖርት የሚሆነው መቼ ነው?

ጅማ ላይ «ወክ እናድርግ» ማለት ብዙ ጊዜ ከፈረንጅ አራዳ ተነስቶ መርካቶ እስኪደርሱ አስር ሰው ሰላም ማለት ነው። ደስ ይላል፣ ግን ስፖርት አይደለም። እኔም ለወራት እንዲያ ስንሸራሸር ከርሜ ቦርጬ ንቅንቅ አላለም።

ዋናው ነገር ፍጥነት ነው። እየሄዳችሁ ማውራት ትችላላችሁ፣ ዘፈን ልዝፈን ብትሉ ግን ትንፋሽ ያጥራችኋል፤ ትክክለኛው ፍጥነት እሱ ነው። ካላመናችሁ በ30 ሰከንድ ውስጥ እርምጃችሁን ቁጠሩ። 50 ካልሞላ ገና ሽርሽር ላይ ናችሁ። ለመፍጠን ደግሞ እርምጃችሁን አታስረዝሙ፤ እርምጃው አጠር ቶሎ ቶሎ ይበል፣ ክርናችሁን አጥፋችሁ እጃችሁን ወደ ኋላ ወዝውዙ። እጅ ሲፈጥን እግር ራሱ ይከተላል። ስልክ እያዩ ይሄ አይሆንም፣ ኪስ ውስጥ ይግባ።

መጀመሪያ 5 ደቂቃ በቀስታ ተሟሟቁ። ከዚያ 3 ደቂቃ የሚያስቸኩል ጉዳይ እንዳለበት ሰው ፍጠኑ፣ 3 ደቂቃ ቀስ በሉ፣ እንዲህ እያላችሁ አምስት ጊዜ ደጋግሙት። ማሟሟቂያው ሳይቆጠር ግማሽ ሰዓት ሆነ ማለት ነው። በሳምንት 5 ቀን ብታደርጉት 150 ደቂቃ ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች ቢያንስ ብሎ የሚመክረው 150 ደቂቃ ግን መካከለኛ ጥንካሬ ያለው እንቅስቃሴ ነው፤ ቀስ የምትሉበት ደቂቃ እንደ ሽርሽር ከሆነ አይቆጠርም። በቀን 10,000 እርምጃ ካልሞላሁ ብላችሁ አትጨነቁ፤ ቁጥሩ የመጣው በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጃፓን ውስጥ ይሸጥ ከነበረ የእርምጃ መቁጠሪያ ስም ነው፣ የሐኪም ትእዛዝ አይደለም።

ሜዳው ሲቀልላችሁ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ወዳለበት ወደ ጅሬን ኮረብታ ውጡ። ለጂም ብር መክፈል ሳያስፈልግ እንዲህ ያለ ዳገት ያለው ከተማ ውስጥ እየኖሩ ባጃጅ ብቻ መሳፈር ያሳዝናል። ቤተ መንግሥቱ ከመሀል ከተማ 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ግን በመጀመሪያው ቀን እስከ ላይ አልወጣም ብላችሁ አትፈሩ፤ የተወሰነውን ውጡና ተመለሱ፣ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ጨምሩበት። ሽቅብ ስትወጡ ወገባችሁን አታጉብጡ፣ እርምጃ አሳጥሩ። ቁልቁለቱ ላይ ነው ጉልበት የሚጎዳው፤ ጉልበታችሁን ትንሽ አጠፍ አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ ውረዱ። እኔ አንድ ቀን እየሮጥኩ ወርጄ ለሳምንት ደረጃ መውረድ አቅቶኝ ነበር።

የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ። ጭቃ የሚይዝ፣ ሶሉ ያላለቀ ጫማ አድርጉ፤ በነጠላ ጫማ ዳገት አይወጣም። እግረኛ መንገድ በሌለበት ግራውን ይዛችሁ ሂዱ፣ የሚመጣው ባጃጅ ፊት ለፊት ይታያችኋል። ልብ ወይም ግፊት ያለባችሁ መጀመሪያ ሐኪም አማክሩ፣ ደረታችሁን ከጨነቃችሁ ደግሞ እዚያው አቁሙ።

ለውጡን በሚዛን ብቻ አትለኩት። አንድ መንገድ ምረጡና ስንት ደቂቃ እንደፈጀባችሁ ጻፉ፣ በወሩ ድገሙት።

የቀረው ችግር ሰላምታ ነው። ቆሞ «አካም ጅርቱ» ከተጀመረ የቤተሰቡ ሁሉ ደህንነት ሳይጠየቅ አያልቅም። ዘዴው እግርን ሳያቆሙ እጅ አንስቶ «ስመለስ!» ማለት ነው። ስትመለሱ ግን ቁሙ፤ አለዚያ «ኮራ» ትባላላችሁ።