ልጃችሁ ሃይስኩል ፉትቦል ይጫወታል? የኮሌጅ ኮች እንዲያየው እንዲህ አድርጉ

አሜሪካ ላላችሁ ወላጆች ነው፣ እግር ኳሱን ሳይሆን ያንን ሄልሜት አድርገው የሚጋጩበትን ማለቴ ነው። ዋናው ነገር ቪዲዮ ነው። ሀድል (የጨዋታ ቪዲዮ የሚጫንበት ዌብሳይት) ላይ ሃይላይት ይስራ፣ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ይበቃል፣ ምርጥ ምርጡ ፊት ይግባ ምክንያቱም ኮቹ መጀመሪያ ያየው ካልጣመው ዘግቶት ነው የሚሄደው፣ ሙዚቃ ምናምን ምንም አይጨምርም። ኳሱ ከመነሳቱ በፊት ልጁ ላይ ቀስት ወይ ክብ አድርጉበት፣ 22 ሰው ሁሉም ሄልሜት ለብሶ ማን ማንን ይለያል! ቁመት፣ ክብደት፣ ፖዚሽንና የምረቃ ዓመት መግቢያው ላይ ይጻፍ።

ከዛ ቁጭ ብሎ መጠበቅ የለም። ኮሌጁ ዌብሳይት ላይ የሪክሩት (የተጫዋች ምልመላ) ፎርም ይሙላ፣ ለፖዚሽኑ ኮች ደግሞ ራሱ ልጁ (እናንተ አይደላችሁም በናታችሁ) አጭር ኢሜይል ከነሊንኩ ይላክ። የዲቪዥን 1 (ከፍተኛው የኮሌጅ ስፖርት ደረጃ) ኮቾች 11ኛ ክፍል ገብቶ ሴፕቴምበር 1 እስኪደርስ የሪክሩቲንግ ደብዳቤ መላክ አይፈቀድላቸውም፣ ስለዚህ 10ኛ ክፍል ላይ ዝም ቢሉት አትደንግጡ።

ትምህርቱን እንዳትረሱ፣ ኤንሲኤኤ (የኮሌጅ ስፖርቱን የሚመራው ማህበር) ለዲቪዥን 1 ተጫዋች 16 ኮር ኮርስ (እንደ እንግሊዝኛ፣ ሂሳብና ሳይንስ ያሉ ዋና ትምህርቶች) እና በነሱ ብቻ የተሰላ ቢያንስ 2.3 ጂፒኤ ይፈልጋል። ዲቪዥን 3 (ከኤንሲኤኤ ደረጃዎች ሦስተኛው) የስፖርት ስኮላርሺፕ የለውም፣ ግን በውጤትና በቤተሰብ ገቢ የሚገኝ እርዳታ አለ።

የካምፕ (ተከፍሎ የሚገባበት የኮሌጅ ስልጠና) ግብዣ መጣ ብላችሁ ደግሞ እልል እንዳትሉ፣ ብዙው ለሁሉም የሚበተን ነው፣ ከመክፈላችሁ በፊት ልጁ «ፊልሜን አይታችሁታል?» ብሎ ይጠይቃቸው።