ወደ ፍሳሽ መስመር የሚለቀቀውንና የማይለቀቀውን እንዴት መለየት ይቻላል?

የአዲስ አበባ የፍሳሽ መስመር የተዘረጋው ለዓይነ ምድርና ለሽንት፣ ለገላና ለልብስ መታጠቢያ ውሃ እንዲሁም ለወጥ ቤት እጣቢ ነው። ከዚህ ሌላ ወደ ቱቦው የሚገባ ነገር ሁሉ ወይ ፈቃድ ይፈልጋል ወይ ጭራሽ የተከለከለ ነው።

ክልከላው ከየት እንደመጣ ለመረዳት መድረሻውን ማወቅ ይበጃል። የከተማዋ ትልቁ ማጣሪያ ጣቢያ ቃሊቲ ይገኛል። በቀን እስከ 100,000 ሜትር ኩብ ፍሳሽ እንዲቀበል ተደርጎ የተስፋፋ ሲሆን ዋናውን ሥራ የሚሠሩት ባክቴሪያዎች ናቸው፤ አየር በማይገባበት ገንዳ ውስጥ ቆሻሻውን እየበሉ ወደ ጋዝና ወደ ዝቃጭ ይለውጡታል። የተጣራው ውሃ ወደ ትንሹ አቃቂ ወንዝ ይለቀቃል። ባክቴሪያ ዓይነ ምድር ይበላል፤ ዳይፐር ግን አይበላም። የሞተር ዘይትንና ከቆዳ ፋብሪካ የሚመጣ ክሮምየም የተባለ ብረትን አያሸንፍም፣ ብዙ አሲድ ሲመጣበት ደግሞ ራሱ ይሞታል። ደንቦቹ በአብዛኛው የተቀዱት ከዚህ እውነታና ማንሆል ከፍተው ከሚሠሩት ሠራተኞች ደኅንነት ነው።

1. ፍሳሽዎ የት እንደሚገባ ያረጋግጡ

የቤትዎ ፍሳሽ ከከተማው መስመር፣ ከሴፕቲክ ታንክ ወይም ከመንገድ ዳር የጎርፍ ማፋሰሻ ጋር ተገናኝቶ ይሆናል። በየጊዜው መኪና ጠርተው የሚያስመጥጡ ከሆነ ሴፕቲክ ታንክ አለዎት ማለት ነው። አስመጥጠው የማያውቁ ከሆነ ግን መስመር ገብቶልኛል ብለው አይደምድሙ። አንድ ሰው ቀይ የምግብ ቀለም የተበጠበጠበት ባልዲ ውሃ ሽንት ቤት ይድፋ፤ እርስዎ በግቢው ያለውን የማንሆል ክዳን ከፍተው ይጠብቁ። ቀለሙ እዚያ ካልመጣ ከአጥር ውጭ ያለውን ቦይ ይመልከቱ።

ክዳኑን ሲከፍቱ ፊትዎን አያቅርቡ፤ ክብሪትም አይጫሩ። ወደ ውስጥ መውረድማ ፈጽሞ አይሞከርም። ማንሆል ውስጥ የሚጠራቀመው ሃይድሮጂን ሰልፋይድ የተባለ መርዛማ ጋዝ በመጀመሪያ እንደ በሰበሰ እንቁላል ይሸታል፤ መጠኑ ሲጨምር የማሽተት ስሜትን ስለሚያደነዝዝ የወረደው ሰው ጋዙ የጠፋ ይመስለዋል። የወደቀውን ለማውጣት ተከትሎ የገባ ሰው አብሮ የሚሞትበት አደጋ በብዙ አገር ተደጋግሟል።

ቀለሙ ቦዩ ውስጥ ከታየ የሽንት ቤትዎ ፍሳሽ ሳይጣራ ወንዝ እየገባ ነው። በአቃቂ ወንዞች ውሃ አትክልት ይለማል፤ ጎመኑና ሰላጣው ተመልሶ ገበያ ይወጣል። መፍትሔው ለአዲስ አበባ ውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ቅርንጫፍ ማመልከት ወይም፣ መስመር በአካባቢው ካልደረሰ፣ ሴፕቲክ ታንክ ማሠራት ነው። የቧንቧ ሠራተኛ ቀጥሮ በሌሊት ማንሆል ማስቦርቦር ግን ሌላ ጥፋት ነው፤ ቅጥያው ከባለሥልጣኑ ፈቃድ ውጭ አይሠራም። ሴፕቲክ ታንክ ያለው ሰውም ከዚህ በታች ካለው ነጻ አይደለም፤ መኪናው የመጠጠውን የሚያራግፈው ማጣሪያ ጣቢያ ነውና።

2. የጣሪያውን ውሃ ከፍሳሹ ያለያዩ

ፍሳሽና የዝናብ ውሃ በየራሳቸው መስመር እንዲሄዱ ነው የታቀደው። አሸንዳን ከማንሆል ጋር ማገናኘት ግቢን ከጎርፍ ይገላግላል፣ ጣጣውን ግን ቁልቁል ላለው ጎረቤት ያወርዳል። ስሌቱ ቀላል ነው፤ 200 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል 6,000 ሊትር ውሃ ይወርዳል። ባለ 2,000 ሊትር ሮቶ ሦስት ጊዜ መድፋት ማለት ነው፣ ያውም ከአንድ ቤት። በሐምሌና በነሐሴ ማንሆሎች ክዳናቸውን ገፍተው መንገድ ላይ የሚፈሱበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። አሸንዳውን ወደ ጎርፍ ማፋሰሻው ይምሩት፤ ቢቻል ለእጥበት ያጠራቅሙት።

3. ቅባቱን ቱቦ ሳይገባ ይያዙ

ከሁሉም በላይ መስመር የሚዘጋው ቅባት ነው፤ የእኛ ወጥ ቤት ደግሞ በቅቤና በዘይት አይታማም። የዶሮ ወጥ ድስት በሙቅ ውሃ ሲታጠብ ቅባቱ ቀልጦ ከሲንኩ ይወርዳል። ጥቂት ሜትሮች እንደሄደ ይቀዘቅዝና የቱቦውን ግድግዳ ይለብሳል፤ በላዩ ላይ ሩዝ፣ ፀጉርና ሶፍት እየተለጠፈ ቀዳዳው ይጠባል። እ.ኤ.አ. በ2017 ለንደን ውስጥ ዋይትቻፕል በተባለው ሰፈር ሥር 250 ሜትር የሚረዝምና 130 ቶን ገደማ የሚመዝን የቅባትና የእርጥብ መጥረጊያ ግግር ተገኝቶ ሠራተኞች ለሳምንታት ሲፈልጡ ከርመዋል። ስለዚህ «ሙቅ ውሃ ልቀቅበት» የሚለው የተለመደ ምክር መድፈኛውን ከእርስዎ ቱቦ ወደ መንገዱ ቱቦ ከማዛወር አያልፍም።

በቤት ውስጥ ድስቱን ከማጠብዎ በፊት በሶፍት ወይም በአሮጌ ጋዜጣ ይጥረጉና ወረቀቱን ከደረቅ ቆሻሻ ጋር ይጣሉ። የተጠበሰበት ዘይት ከቀዘቀዘ በኋላ ጠርሙስ ውስጥ ተጠራቅሞ ይወገድ።

ምግብ ቤት፣ ክትፎ ቤት ወይም ሆቴል ከሆነ ባለሙያዎች ግሪስ ትራፕ የሚሉት የቅባት መያዣ ሳጥን ያስፈልጋል። አሠራሩ ይህን ያህል የሚከብድ አይደለም። ከሲንኩ የመጣው ውሃ ሳጥኑ ውስጥ ረጋ ብሎ ይቀዘቅዛል፤ ቅባቱ ከላይ ይንሳፈፋል፣ ፍርፋሪው ከሥር ይዘቅጣል፣ መካከል ላይ ያለው ውሃ ብቻ ይወጣል። ይህ እንዲሆን የመውጫው ቱቦ ወደ ታች ታጥፎ አፉ ከተንሳፈፈው ቅባት በታች፣ ከዝቃጩ ደግሞ በላይ መዋል አለበት። ብዙ ቦታ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ ግንበኛው መውጫውን ቀጥ አድርጎ ከላይ ይተወዋል፣ ቅባቱም ሳይያዝ ያልፋል። የሽንት ቤት ፍሳሽ በዚህ ሳጥን ውስጥ እንዲያልፍ አይደረግም።

ሳጥኑ የሚጠረግበትን ጊዜ በግምት አይወስኑ። ቀጭን እንጨት ሰድደው የላዩን ቅባትና የሥሩን ዝቃጭ ውፍረት ይለኩ፤ ሁለቱ ተደምረው የጥልቀቱን ሩብ ከሞሉ ይጠረግ። 80 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ላለው ሳጥን 20 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። የተጠረገበትን ቀን ደብተር ላይ ይያዙ፤ ተቆጣጣሪ ሲመጣ ከቃል ይልቅ ደብተር ይናገራል። ቅባቱን በኬሚካል አሟሙቶ መልቀቅ መጥረግ አይባልም፤ ራቅ ብሎ እንደገና ይረጋል።

እንጀራ ጋጋሪዎች ደግሞ የቡኾ እቃ ሲያጥቡ መጀመሪያ ሊጡን ጠርገው ያውጡ፤ ቱቦ ውስጥ ተጋግሮ የደረቀ ሊጥ እንደ ቅባት አይቀልጥም። የጠላ አተላም ከብት አርቢ እየፈለገው ፍሳሽ ውስጥ መድፋት ያስቆጫል።

4. ሽንት ቤት የሚቀበለውን ይወቁ

የሚቀበለው ከሰው የወጣውን፣ ውሃንና ሶፍትን ነው። ሞዴስ፣ ዳይፐር፣ ኮንዶም፣ ጨርቅ፣ ፌስታልና እርጥብ መጥረጊያ ቅርጫት ውስጥ ይጣሉ። ማሸጊያው ላይ ሽንት ቤት ውስጥ መጣል ይቻላል ቢልም እንኳ አይመኑ፤ እርጥብ መጥረጊያ እንደ ሶፍት አይሟሟም።

5. አሲድ፣ በረኪናና መድኃኒት

ሽንት ቤት ሲደፈን የባትሪ አሲድ መድፋት በሰፊው ይሠራበታል። አሲዱ የሲሚንቶ ቱቦና ማንሆል ይበላል፤ ከበረኪና ጋር ከተገናኘ ደግሞ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፣ ጠባብ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ይህ ለሕይወት ያሰጋል። በጎማ መምጠጫ ወይም በሽቦ ይሞክሩ፤ ካልሆነ ባለሙያ ይጥሩ። ቀለም፣ ቲነርና የተባይ መድኃኒት ወደ ቱቦው አይደፋም። ጊዜው ያለፈበትን መድኃኒት የሚቀበል መድኃኒት ቤት ወይም ጤና ተቋም እንዳለ ይጠይቁ።

6. ጋራዥ፣ የመኪና እጥበትና ፋብሪካ

ነዳጅና ዘይት ቱቦ ውስጥ የሚያስከትሉትን ለማወቅ የሜክሲኮዋን ጓዳላሃራ ማስታወስ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1992 ከተቦረቦረ ቧንቧ ያመለጠ ቤንዚን ፍሳሽ መስመር ውስጥ ገብቶ ሲፈነዳ ኪሎ ሜትሮች የሚረዝም መንገድ ተገለበጠ፤ ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ። ያገለገለ የሞተር ዘይት በበርሜል ተጠራቅሞ ለሚሰበስቡት ይሰጥ። የእጥበት ውሃም በደለል ማስቀሪያና በዘይት መለያ ጉድጓድ ሳያልፍ አይለቀቅ።

ለንጽጽር ያህል፣ አሜሪካ ውስጥ የፌዴራሉ ሕግ የአሲድነት መለኪያው ፒኤች ከ5 በታች የሆነ (ቁጥሩ ባነሰ መጠን አሲድነቱ ይጨምራል)፣ ከ60 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች እሳት ሊይዝ የሚችል፣ ወይም ማጣሪያ ጣቢያው ሲደርስ ሙቀቱን ከ40 ዲግሪ በላይ የሚያደርስ ፍሳሽ ከልክሏል።

በእኛ አገር መሠረቱ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ነው። የበከለ ሰው የብክለቱን ማጽጃ ወጪ ይሸፍናል። ስለ ኢንዱስትሪ ብክለት የወጣው ደንብ ቁጥር 159/2001 ደግሞ ፋብሪካዎች ብክለትን ከምንጩ እንዲከላከሉ፣ ካልተቻለ ከተፈቀደው መጠን በታች እንዲያወርዱ ያስገድዳል። ፍሳሹ ፋብሪካው ውስጥ ተጣርቶ፣ ናሙናው በቤተ ሙከራ ተለክቶ፣ ውጤቱ ተመዝግቦ ነው የሚለቀቀው።

7. ጎረቤት ሲለቅ ካዩ

የፈሰሰ ወይም ክዳኑ የጠፋ ማንሆል ካዩ በ906 ለባለሥልጣኑ ይደውሉ። የሚለቀው ፋብሪካ ወይም ድርጅት ከሆነ ቦታውን፣ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የውሃውን ቀለም ጽፈው፣ ከፎቶግራፍ ጋር ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ አቤቱታ ያስገቡ፤ የገባበትን ቀን የሚያሳይ ማኅተም ያለበት ቅጂም ያስቀሩ። በአዋጅ ቁጥር 300 መሠረት አቤቱታ ለማቅረብ በግል የተጎዱ መሆንዎን ማስረዳት አይጠበቅብዎትም። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካላገኙ፣ ወይም ውሳኔው ካላረካዎት፣ በቀጣዩ 60 ቀን ውስጥ ጉዳዩን ፍርድ ቤት ማቅረብ ይችላሉ።