የገጠር ቤትን ከነኑሮው ሙዚየም እንዴት ማድረግ ይቻላል?

አሮጌ ቤት ነቅሎ ሌላ ቦታ መትከል ከባድ ይመስላል። ከዚያ የሚከብደው ግን በውስጡ የነበረውን ኑሮ ይዞ መሄድ ነው። በስዊድን ዋና ከተማ ስቶክሆልም ያለው፣ ከየቦታው የመጡ አሮጌ ቤቶች የተተከሉበት ስካንሰን የተባለው የደጅ ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ1891 ሲከፈት መስራቹ አርቱር ሃዜሊየስ ቤቶቹን ብቻ አምጥቶ አልቆመም። እንስሳትም፣ የየአገሩን ልብስ የለበሱ ሰዎችም ግቢው ውስጥ ነበሩ።

መጀመሪያ ምንም አትንኩ። ፎቶ አንሱ፣ ለኩ፣ ከዚያ እዚያ ቤት ያደጉ ሽማግሌዎችን ፈልጋችሁ እቤቱ ውስጥ ቁጭ በሉና ድምፃቸውን ቅዱ። "ኑሮ እንዴት ነበር?" ካላችኋቸው "ደህና ነበር" ብለው ይገላግሏችኋል። "ማታ በሩን ማን ነበር የሚዘጋው? ዝናብ ሲመጣ በየት በኩል ያፈሳል?" በሏቸው፣ ወሬው ያኔ ይመጣል።

ቤቱ የግንድ ከሆነ ለየግድግዳው ፊደል፣ ለየግንዱ ደግሞ ከታች ወደ ላይ ቁጥር ስጡ፦ ሀ1፣ ሀ2 እያላችሁ። በጠመኔ እንዳትጽፉ፣ አንድ ዝናብ ይበቃዋል። ቁጥሩን ቁራጭ ቆርቆሮ ላይ ቅረጹና በማይታይ በኩል በምስማር ምቱት። የጭቃ ቤት ግን ሲነቀል ይፈርሳል፤ ወይ ባለበት ጠብቁት፣ ወይ በልኩ አዲስ ስሩና አዲስ መሆኑን ለጎብኚው ንገሩ።

ዕቃ ሲገባ ቁጥሩን፣ ከማን እንደመጣና ለምን ይውል እንደነበር ወዲያው መዝግቡ። ነገ እመዘግባለሁ የተባለ ዕቃ ታሪኩ ጠፋ ማለት ነው። የሱፍ ልብስና ብርድ ልብስ ብል ካለው በፕላስቲክ አሽጋችሁ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ማቀዝቀዣ ውስጥ 2 ሳምንት አቆዩት። እባካችሁ የድሮ ዕቃ አታሳምሩ! መዳፍ ያለሰለሰው የመጥረቢያ እጀታ ቫርኒሽ ከተቀባ ምኑን ታሳያላችሁ?

አሁን ብዙዎች የሚፈሩት ጉዳይ፦ ምድጃውን አንድዱ። የሳር ክዳንን ለዓመታት የሚያቆየው ጭሱ ነው፣ እርጥበቱን ያደርቃል፣ ነፍሳትን ያርቃል። እሳት የማይነድበት ቤት ከጣሪያው ይበሰብሳል። በእርግጥ ሳር ነውና አደጋ አለው፣ ስለዚህ ውሃና የእሳት ማጥፊያ በር ላይ ይቀመጥ፣ ነፋስ ባለበት ቀን አይነድ። ማታ ደግሞ አመዱን ገልጦ ፍሙ መጥፋቱን ሳያይ ማንም በሩን ቆልፎ አይሂድ።