ግሪክ ደሴት ሄዳችሁ የሰዉን ኑሮ ሳታዩ እንዳትመለሱ፦ ብዙዎቻችን የምንሰራቸው ስህተቶች

መጀመሪያ የሄድኩ ጊዜ ሳንቶሪኒ ሁለት ቀን ሚኮኖስ ሁለት ቀን እያልኩ ሮጬ ነው የተመለስኩት፣ ሁለተኛ ስሄድ ግን ናክሶስ ላይ ብቻ አስር ቀን ተቀመጥኩ እና ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው። ለዛ ነው ይሄን የምጽፍላችሁ፣ ባህሩን ሁሉም ያየዋል፣ ሰዉ ግን በሁለት ቀን አይታወቅም።

አንደኛው ስህተት ደሴት ማብዛት ነው። በሰባት ቀን አራት ደሴት ብለው ፕሮግራም የሚያወጡ አሉ፣ በቃ ጉዞው ሻንጣ መጎተት ሆኖ ያልቃል። አቴንስ አጠገብ ካለው ፒሬየስ ወደብ ናክሶስ በትልቁ መርከብ ከ5 ሰዓት በላይ ይፈጃል፣ በዛ ላይ ጁላይና ኦገስት ሜልቴሚ የሚሉት የሰሜን ነፋስ አለ፣ ሲበረታ መርከብ ከወደብ እንዳይወጣ ይከለከላል። ስለዚህ የመጨረሻውን መርከብና የአውሮፕላን በረራችሁን በፍጹም አንድ ቀን ላይ አታድርጉ፣ አንድ ሌሊት አቴንስ እደሩ።

ሁለተኛው የራስን ሰዓት ይዞ መሄድ። በኛ አቆጣጠር ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ መንደሩ ጭር ይላል፣ ሜሲሜሪ ይሉታል፣ የእረፍት ሰዓት ነው። በበጋ እስከ 11 ሰዓት ተኩል ድረስ ፀጥታ እንዲከበር የፖሊስ ደንብ ራሱ አለው፣ በዛ ሰዓት ሙዚቃ ከፍቶ በረንዳ ላይ መጮህ ወይ የሰው በር ማንኳኳት ነውር ነው። እናንተም ተኙ። ምክንያቱም ማታ ላይ ነው ደሴቱ የሚነሳው፣ ሁሉም ለብሶ ይወጣል፣ ቮልታ ይሉታል ዝም ብሎ ወዲያ ወዲህ መንሸራሸር ነው፣ አያት ከልጅ ልጅ ጋር፣ ህፃናት አደባባዩ ላይ ኳስ እየመቱ። እራት ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ነው፣ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ታቬርና የሚሉት ምግብ ቤት ከገባችሁ የምታገኙት ቱሪስት ብቻ ነው። ደግሞ ለየብቻ ሰሀን አትዘዙ፣ ምግቡ እንደኛው መሀል ላይ ቀርቦ የጋራ ነው። በመጨረሻ ያላዘዛችሁት ፍራፍሬ ወይ ትንሽ መጠጥ ከመጣ ኬራስማ ነው፣ ግብዣ፣ ሂሳብ መስሏችሁ አትመልሱት። ዓሳ ግን በኪሎ ስለሚሸጥ ከመጠበሱ በፊት አስመዝኑና ዋጋ ጠይቁ።

ቡና ላይ ትንሽ ልቆይ። ካፌኒዮ የሚባለው የመንደር ቡና ቤት ሽማግሌዎች ብቻ ስለሚታዩበት ብዙ ሰው አፍሮ ያልፈዋል፣ ይሄ ትልቁ ስህተት ይመስለኛል። አፒራንቶስ የምትባል መንገዷ በእብነበረድ የተነጠፈ የተራራ መንደር ናክሶስ ላይ አለች፣ እዛ ካፌኒዮ ገብቼ «ካሊሜራ» (እንደምን አደራችሁ) ስል ሁሉም ነበር የመለሱልኝ። ባለቤቷ ትልቅ ሴት ናቸው፣ ብሪኪ በምትባል እጀታዋ ረዘም ያለ ትንሽዬ ዕቃ ውስጥ ቡናውንና ውሃውን አንድ ላይ አድርገው ቀስ አድርገው አፈሉት፣ አረፋው ከአፏ ሊገነፍል ሲል ከእሳቱ አነሱት፣ ጀበና ገንፍሎ እንዳይፈስ እንደምናየው እናት ዓይናቸውን አልነቀሉም። ስኳሩ አብሮ ስለሚፈላ ስታዙ ነው መናገር ያለባችሁ፣ «ስኬቶ» ያለ ስኳር፣ «ሜትሪዮ» መካከለኛ፣ «ግሊኮ» ጣፋጭ። ከመጣ በኋላ አታማስሉት ዝቃጩ ይነሳል፣ ትንሽ እስኪሰክን ጠብቁ፣ አብሮት ቀዝቃዛ ውሃ ይመጣል፣ የቡናው ዝቃጭ ላይ ስትደርሱ ተዉት። እና ጠጥቶ መነሳት የለም፣ አንድ ስኒ ይዞ አንድ ሰዓት መቀመጥ እዛ የተለመደ ነው።

ምልክት ላይ ደግሞ እኛ በተለይ እንሳሳታለን። «ኔ» ማለት አዎ ነው፣ «ኦሂ» አይደለም ነው። ቅንድባቸውን ወደ ላይ አንስተው በምላሳቸው «ጽ» ካሉ እምቢ ወይ የለም ማለት ነው፣ እኛ አዎ ለማለት ትንፋሽ ወደ ውስጥ ስለምንስብ ይምታታብናል። አምስት ጣት ዘርግቶ መዳፍን ወደ ሰው ፊት ማሳየት ስድብ ነው፣ «አምስት ስጠኝ» ለማለት እንዳታደርጉት። መፀዳጃ ቤት ወረቀቱ ቅርጫት ውስጥ ነው የሚጣለው፣ ቧንቧው ጠባብ ስለሆነ ይደፈናል።

ቤተክርስቲያን በቁምጣ መሄድም አለ። አሞርጎስ የሚባል ደሴት ላይ ገደል ላይ የተለጠፈ የሚመስል ሆዞቪዮቲሳ የሚባል ገዳም አለ፣ ወንድ ረጅም ሱሪ ሴት ረጅም ቀሚስ ካልለበሰች አይገባም፣ ነጠላ ከያዛችሁ በጣም ጥሩ። ጫማ ግን እንደኛ አይወለቅም። ተሳልማችሁ ስትጨርሱ ሎኩሚ የሚሉት ጣፋጭና ትንሽ መጠጥ ይሰጧችኋል።

በመጨረሻ ኦገስት 15። የእመቤታችን በዓል ነው፣ ፍልሰታን እነሱም ሁለት ሳምንት ይጾማሉ፣ እኛ ኦገስት 22 ስንፈታ እነሱ ቀድመው የሚፈቱት እ.ኤ.አ. ከ1924 ጀምሮ በአዲሱ አቆጣጠር ስለሚያከብሩ ነው። ቲኖስ ደሴት ላይ ስለታቸውን ለማድረስ ከወደቡ እስከ ቤተክርስቲያኑ በጉልበታቸው የሚሄዱ አሉ፣ እባካችሁ ካሜራ ፊታቸው ላይ አትደቅኑ። ናክሶስ ላይ ፊሎቲ መንደር ደግሞ ፓኒጊሪ የሚሉት የመንደር ድግስ አለ፣ ረጅም ጠረጴዛ፣ ሥጋ፣ ቫዮሊንና ላውቶ የሚባል ባለ ክር መሣሪያ እስከ ንጋት። ክፍል ከወራት በፊት ያዙ። ጭፈራው ሲጀመር ዳር ቆሞ መቅረፅ ስህተት ነው፣ ከፊት በኩል ዘሎ መግባት ደግሞ ከዛ ይብሳል፣ የፊቱ ቦታ የመሪው ነው። በጅራቱ በኩል ነው የሚገባው። እኔ ጫፍ ላይ ቆሜ እግራቸውን ሳይ አንዲት ማዘር ዞር ብለው እንኳን አላዩኝም፣ እጃቸውን ወደ ኋላ ዘረጉልኝ፣ ያዝኩት።